እባብ እግር ያጣው ጂኑ ጠፍቶ አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ ተሳቢ እንስሳት ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ እባብ እግር አልባ የሆነው የእግር ጂኑ ስለጠፋ እንደሆነ መገለጹ እርማት ያስፈልገዋል። ለእግር አፈጣጠር ወሳኝ የሆነው «ሶኒክ ሄጅሆግ» የተባለው ጂን በእባብ ዘንድ ዛሬም አለ፤ አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን በመቅረጽም ስለሚሳተፍ ቢጠፋ ኖሮ ፅንሱ ራሱ ባልተረፈ ነበር። የተበላሸው ጂኑ ሳይሆን፣ በአይጥና በሰው ላይ ከጂኑ አንድ ሚሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደላት ርቆ የሚገኘውና ጂኑ በእግር ቡቃያ ውስጥ እንዲሠራ የሚያዘው «ዜድአርኤስ» የተሰኘ ማብሪያ ነው። በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይፋ በሆነ ጥናት፣ ተመራማሪዎች የአይጥን ማብሪያ በዘንዶ ማብሪያ ሲተኩ የአይጦቹ እግሮች ጉቶ ብቻ ሆነው ቀሩ፤ ከዘንዶው ቅጂ የጎደሉት 17 ፊደላት ተመልሰው ሲገቡ ግን፣ እኔን እጅግ ያስደነቀኝም ይህ ነው፣ እግሮቹ እንደወትሮው አደጉ።

ፓይተን በሚባለው የዘንዶ ዝርያ ማብሪያው ጨርሶ አልሞተም። በፅንሱ የኋላ እግር ቡቃያ ላይ ጂኑ ለአጭር ጊዜ ሠርቶ ይቆማል፤ በአዋቂው ዘንዶ ጅራት መነሻ ግራና ቀኝ የሚታዩት ጥፍር መሰል ሹሎችም የእነዚያው የኋላ እግሮች ቅሪት ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ