ሳትነካትም መንገድ ዘግታባታለች

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ አባት የልጃቸው የሶፍትቦል ቡድን በዳኛ ስህተት እንደተሸነፈ የጻፉትን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሶፍትቦል ለማያውቅ፦ የቤዝቦል ዘመድ ነው፤ ኳሱን በዱላ የመታች ልጅ ቤዝ የሚባሉ ሦስት ማረፊያዎችን እየረገጠች ዞራ ሆም ወደሚባለው መነሻዋ ስትመለስ ነጥብ ታስቆጥራለች፤ በመንገድ ላይ ሳለች ኳስ በያዘ ጓንት ከተነካች ግን አውት ናት፣ ትወጣለች። በቁጭት ነው የጻፉት፤ ቁጭታቸውም ይገባኛል። ሦስተኛ ቤዝን ዞራ ወደ ሆም የሮጠችው የተጋጣሚ ልጅ ኳስ በያዘችው ካቸር (ሆምን የምትጠብቀው ተከላካይ) ጓንት ተነክታ ሳለ፣ ዳኛው ነጥቡን አጸደቀላት። ለምን ሲባል «ሦስተኛ ቤዝ ላይ የቆመችው ተከላካይ መንገድ ዘግታባት ነበር» አለ። «እዚያ ቤዝ ላይ ማንም ማንንም አልነካም፤ ታዲያ ምኑን ዘጋችው?» ሲሉ ይጠይቃሉ ጸሐፊው። በዚያ ጨዋታ ላይ አልነበርኩም። እዚህ ሜሪላንድ የልጃገረዶች ሶፍትቦል መዳኘት ከጀመርኩ ግን ስድስተኛ ዓመቴ ነው፤ ይህን ጥያቄ ሳልሰማ ወደ ቤቴ የተመለስኩበት ቅዳሜ ጥቂት ነው።

ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ኳስ ያልያዘች፣ የተመታ ኳስም በመልቀም ላይ ያልሆነች ተከላካይ የሯጭን ጉዞ ካሰናከለች ጥፋት ነው። መነካካት የግድ አይደለም። ሆን ብላ ታድርገው ሳታስበው፣ ያም አይጠየቅም። ሯጯ በእርሷ ምክንያት ፍጥነቷን ከቀነሰች ወይም መስመሯን ትታ ከዞረች በቂ ነው። ኳስ ሳይኖራት ያላት መስላ ሯጯን ያስቆመችም ጥፋተኛ ናት። «ኳሱ እየመጣላት ነበር እኮ» የሚለው መከራከሪያም ዛሬ አይሠራም። ቀድሞ ደንቡ ኳስ ልትቀበል የተቃረበችን ተከላካይ ይታገሥ ነበር፤ በአሜሪካ ሶፍትቦል ያ ሐረግ ከደንቡ ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል።

በእግር ኳስ ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። ሳይነካ በአካሉ የባላጋራውን መንገድ የዘጋ ተጫዋች ቀጥተኛ ባልሆነ ቅጣት ምት ይቀጣ የለም እንዴ? ጥፋቱን አይቶ ጥቅም የሚሰጥ ዳኛንም እናውቃለን። የሶፍትቦል ዳኛ ጥፋቱን ሲያይ ጨዋታውን አያቆምም፤ ግራ እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ያስቀጥለዋል። ሯጯ ጥፋቱ ባይፈጸም ኖሮ ትደርስበት ነበር ብሎ ከገመተው ቤዝ በፊት አውት ከተደረገች፣ ያኔ ኳሱን ያስቆምና ቤዙን ይሰጣታል። አባትዬው ዓይናቸው ከኳሱ ጋር ወደ ሆም ሄዶ ስለነበር ያቺን የተዘረጋች እጅ አላዩዋት ይሆናል።

ይህ ዓይነቱ ውሳኔ በልጆች ሜዳ ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 2013 ሴንት ሉዊስ ውስጥ የቤዝቦል ዎርልድ ሲሪስ (የዓመቱ የዋንጫ ፍጻሜ) ሦስተኛ ጨዋታ 4 ለ 4 ሆኖ ዘጠነኛው ኢኒንግ (ዙር) ላይ ደርሶ ነበር። ወደ ሦስተኛ ቤዝ የተወረወረውን ኳስ ለመያዝ ራሱን የወረወረው የቦስተኑ ተከላካይ ዊል ሚድልብሩክስ ኳሱ አመለጠውና በሆዱ ተዘርግቶ ቀረ። የሴንት ሉዊሱ ሯጭ አለን ክሬግ በእርሱ ተደናቅፎ ወደቀ፤ ተነሥቶ እያነከሰ ሆም ሲደርስ ኳሱ ቀድሞት ነበር። የሦስተኛ ቤዙ ዳኛ ጂም ጆይስ ግን ጥፋቱን አስቀድሞ አመልክቶ ስለነበር ነጥቡ ጸደቀ፤ ጨዋታውም 5 ለ 4 አለቀ። ሚድልብሩክስ ሆን ብሎ ያድርገው ሳያስበው፣ ደንቡ አልጠየቀም። ጆይስ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ2010፣ በአንደኛ ቤዝ ላይ በሰጠው የተሳሳተ ውሳኔ የኳስ ወርዋሪውን የአርማንዶ ጋላራጋን ፍጹም ጨዋታ (አንድም መቺ ቤዝ ላይ የማይደርስበትን) አበላሽቶ ስህተቱን በአደባባይ ያመነ ሰው ነው። እንዲያ ተሳስቶ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በዎርልድ ሲሪስ ጨዋታ የመጨረሻ ቅጽበት ያየውን ለመናገር አለመፍራቱን ባሰብኩ ቁጥር እገረማለሁ።

የሚከብደው ግምቱ ነው። በቤዝና በቤዝ መካከል ያለው ርቀት 18 ሜትር ከሩብ ገደማ ነው። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መንገድ ለመቀየር ሁለት እርምጃ ካጠፋችና ሆም ላይ በአንድ ክንድ ርቀት ከተቀደመች፣ ያ አንድ ክንድ ከየት መጣ? ዳኛው በዚያች ሰከንድ ኳሱ የት እንደነበር፣ ወርዋሪዋ ምን ያህል ርቃ እንደቆመች፣ ሯጯ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነች መዝኖ መወሰን አለበት። ሌላ ዳኛ ሌላ ቤዝ ሊሰጥ ይችላል፤ በዚህ ላይ መከራከር ያለ ነው። «አልተነካኩም» ብሎ መከራከር ግን ደንቡን አለማወቅ ነው።

እኔ ራሴ ያጠፋሁትን ልናገር። ያለፈው ዓመት ጸደይ፣ ዝናብ ባባራ ማግስት ለብቻዬ እዳኝ ነበር። ኳሱ ወደ ቀኙ ጥግ በረረ፤ እኔም በዓይኔ ተከተልኩት። መለስ ስል መቺዋ ልጅ ከሦስተኛ ቤዝ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ኳስ በያዘ ጓንት ተነካች። አውት አልኩ። ልጅቷ ጉልበቷን ይዛ ቆማ አየችኝ፤ አንድ ቃል አልተናገረችም። ኢኒንጉ አልቆ በሁለተኛ ቤዝ በኩል ሳልፍ እርጥቡ ቀይ አፈር ላይ የጫማዋን ዱካ አየሁት። ወደ ቤዙ ቀጥ ብሎ መጥቶ፣ የተከላካይዋ ጫማ ተጣምሮ የታተመበት ቦታ ሲደርስ እንደ ቀስት ጎብጦ ወደ ውጭ ዞሯል። ዳኛ ያላየውን አይፈርድም፤ ዱካ ደግሞ ምስክር አይሆንም። ያች ልጅ ግን እኔ ኳስ ሳይ ተበድላለች።

ከዚያ ወዲህ ኳሱ ሜዳው ጥግ ሳለ ዓይኔ ሯጯ የምትረግጠው ቤዝ ላይ ነው። ጥግ ላይ ያለ ኳስ ማንንም አውት አያደርግም።

ስለዚህ አባትዬውን የምለምናቸው አንድ ነገር አለ። ከእኛ ከዳኞቹ መካከል ብዙዎቹ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው። ግራ እጁን በዘረጋ ቁጥር ከአጥር ማዶ የሚጮኽበት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጥፋቱን እያየ እጁን አያነሳም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጠይቄውም «ጋሼ፣ ወላጆቹን ፈርቼ ነው» ብሎኛል። ዝም ሲባል ተከላካዮቹ ቤዝ ላይ መቆምን ይለምዱታል፤ አንዳንድ አሠልጣኞችም «ዝጊው! ዝጊው!» ሲሉ እሰማለሁ። ነገ በዚያ መንገድ ላይ ጉልበቷ የሚጎዳው የእርሳቸው ልጅ ልትሆን ትችላለች።

እኔ ከጨዋታ በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል አጥሩ ሥር እቆያለሁ፤ የደንቡ መጽሐፍ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። የሚጠይቅ ወላጅ ቢመጣ ገጹን አብረን እናነበዋለን፣ በአማርኛም እተረጉምለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሶፍትቦል ዳኛ፣ ከሜሪላንድ