እትዬ፣ ጨርሻለሁ

ወዳጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት የዶክትሬት ጥናቴን እዚህ ህንድ፣ ፑኔ ከተማ አቅርቤ ጨረስኩ። እግዚአብሔር ይመስገን። ስልኬ በ«እንኳን ደስ አለሽ» ተጥለቅልቋል። ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላቃተኝ ሁላችሁንም እዚሁ ላመስግን።

መጀመሪያ ግን አንድ ሰው ላንሣ። ህንድ ውስጥ ኬሚካል ምህንድስና የተማረ ሰው ፕሮፌሰር ራጉናት ማሼልካርን ያውቃቸዋል። በ1943 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጎዋ ውስጥ ማሼል በምትባል መንደር ተወለዱ። ስድስት ዓመታቸው ላይ አባታቸው ሞቱ። እናታቸው ወይዘሮ አንጃኒ ሙምባይ ውስጥ ያገኙትን እየሠሩ አሳደጓቸው። አንድ ቀን ሥራ አለ ሲባል እናትየው ሄደው ቀኑን ሙሉ ሲጠብቁ ዋሉ። ሦስተኛ ክፍል ያላለፈ አይቀጠርም ተባሉ። ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ፣ ልጄን ግን እስከ መጨረሻው አስተምራለሁ ብለው ማሉ።

ልጁ እስከ 12 ዓመቱ በባዶ እግሩ ሄደ፤ በመንገድ መብራት ሥር አጠና። ሁለተኛ ደረጃ ለመግባት 21 ሩፒ ተጠየቀ። ያቺን ለማግኘት 21 ቀን ፈጀ። በመጨረሻ ገንዘቡን የሰጠቻቸው የሰው ቤት ሠራተኛ የነበረች ሴት ናት። ፕሮፌሰሩ ይህን በየመድረኩ ያነሣሉ። እኔ በሰማሁት ቁጥር ልቤ የሚሄደው ወደዚያች ሴት ነው። እኔም እንደሷ ያለች ባለውለታ አለችኝ።

ወደዚህ ልመጣ ስል የአውሮፕላን ቲኬት ጎደለኝ። እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው ጎረቤታችን ዕቁብ ወጥቶላት ነበር። ብሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጣች። እናቴ ፊት ፈትታ ቆጠረችው። «ስትጨርሺ ትከፍይኛለሽ» አለችኝ። ስሟን እንዳልጽፍ ከልክላኛለች። እኛ ቤት እትዬ ነው የምንላት።

ማሼልካር በ1969 ዶክትሬታቸውን ሙምባይ ያዙ። መምህራቸው ሌላው ትልቅ የኬሚካል መሐንዲስ ማን ሞሃን ሻርማ ነበሩ። እንግሊዝ ሄደው ጥቂት ዓመት አስተማሩና በ1976 ወደ ፑኔው ብሔራዊ የኬሚካል ላቦራቶሪ ተመለሱ። ከ1995 እስከ 2006 የአገሪቱን የሳይንስና ኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት መሩ። በዚያን ጊዜ ነው የእርድ ነገር የመጣው። አሜሪካ ውስጥ እርድ ቁስል ያድናል ተብሎ የፈጠራ መብት ተሰጠበት። የህንድ እናቶች ሁሉ የሚያውቁት ነገር! እሳቸው የሚመሩት ምክር ቤት ተቃወመ። 32 ማስረጃ አቀረበ፤ በሳንስክሪት፣ በኡርዱና በሂንዲ የተጻፉ አሉበት። መብቱ በ1997 ተሰረዘ። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ላይ የያዘውን መብት የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 ውድቅ ሲያደርግ ያለቀስኩት ይህን ታሪክ ስለማውቅ ነው።

እኔ የተከተልኳቸው በጄል ሥራቸው ነው። ውሃ ጠጥተው የሚያብጡ ፖሊመሮችን፣ ማለትም እንደ ረጅም ሰንሰለት የተቀጣጠሉ ሞለኪውሎችን፣ ለዓመታት አጥንተዋል። የእኔም ጥናት ከስታርች በተሠራ፣ አፈር ውስጥ ውሃ በሚያቆይ ጄል ላይ ነው። ከጥፍር የማትበልጥ ደረቅ ቁራጭ ውሃ ውስጥ አስገባለሁ። በየግማሽ ሰዓቱ አውጥቼ፣ ላይዋን በወረቀት አድርቄ እመዝናለሁ። ውሃው የፖሊመሩን ሰንሰለቶች ወደ ውጭ ይገፋል፤ ሰንሰለቶቹን ያያያዛቸው ቋጠሮ ደግሞ መልሶ ይጎትታል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ እብጠቱ ይቆማል። ያቺ ጠንካራ ቁራጭ ንጋት ላይ እንደ መስታወት ጠርታ፣ ጣት ሲነካት እየተንቀጠቀጠች አገኛታለሁ። ስንት ጊዜ ባያት አይሰለቸኝም።

የመጨረሻውን ሙከራ ግን እኔ አልጨረስኩትም። በዝናቡ ወራት ደንጌ የሚባለው፣ ትንኝ የሚያስተላልፈው በሽታ ያዘኝ። ትኩሳቱ አጥንት ይሰብራል። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌቴ ወርዶ ሆስፒታል ተኛሁ። የፑኔ አበሾች፣ እናንተን በምን ቃል ላመስግናችሁ? አጥሚት በፔርሙስ ይዛችሁ በዝናብ መጣችሁ፤ ተራ ገብታችሁ አደራችሁ። አንዷ እህቴ ደግሞ ላቦራቶሪ ገብታ ጄሎቼን ሌሊቱን ሙሉ መዘነችልኝ። ትምህርቷ አካውንቲንግ ነው፤ ሚዛኑን እንዴት እንደምታነበው በስልክ ነበር የነገርኳት። ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ አራት ገጽ በእሷ እጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። አንድም ሰዓት አልዘለለችም። አማካሪዬም ሆስፒታል ድረስ መጥተው ቀኑን በአንድ ወር እንዳራዘሙልኝ ነገሩኝ። ያኔ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ።

እማዬ፣ ስደውል ሁሉ «በልተሻል?» ስትዪኝ ለኖርሽው፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ።

ፕሮፌሰር ማሼልካር፣ ይህን አማርኛ አያነቡት ይሆናል። ቢሆንም ለእርስዎም ለወይዘሮ አንጃኒም፣ ለዚያችም ሴት ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

እትዬ፣ ጨርሻለሁ። ብርሽን ይዤ ለመስቀል እገባለሁ።