የአውሬው ስም ሳይሆን የቱቦላሬው ርዝመት

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከተፈጥሮ ተቀድተው ለምህንድስና ንድፍ የሚውሉ የፍለጋ አልጎሪዝሞች (ኮምፒውተር ብዙ አማራጭ ንድፎችን እየሞከረ የተሻለውን የሚፈልግባቸው ዘዴዎች) «ተሻሻሉ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ፣ በቃሊቲና በቱሉ ዲምቱ የመጋዘን ጣሪያ ትረስ (ጣሪያውን የሚሸከም ከዘንጎች የተገጣጠመ የብረት መዋቅር) እንደሚነድፍ መሐንዲስ የበኩሌን ለማለት እፈልጋለሁ።

የዘርፉ መሠረት ጠንካራ ነው። ጆን ሆላንድ በ1975 በመጽሐፉ ያብራራው፣ የዘር ውርስንና የተፈጥሮ ምርጫን የሚመስለው ጄኔቲክ አልጎሪዝም፣ ማርኮ ዶሪጎ በ1992 በዶክትሬት ጥናቱ ያቀረበው የጉንዳኖች ዘዴ፣ ኬኔዲና ኤበርሃርት በ1995 የወፍ መንጋን አይተው የቀረፁት ዘዴ (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አማራጩ ተቆጥሮ በማያልቅበት ንድፍ ላይ በእርግጥ ይረዳሉ። ከዚያ ወዲህ በተኩላ፣ በዓሣ ነባሪና በሌሊት ወፍ የተሰየሙ ዘዴዎች ተከታትለው መጡ፤ ከብዙዎቹ ውስጥ ግን አዲስ ሆኖ የሚገኘው ስሙ ብቻ ነው። በ2014 የወጣው የግራጫ ተኩላ ዘዴ፣ ትክክለኛው መልስ ዜሮ ላይ በተቀመጠባቸው የመሞከሪያ ቀመሮች እጅግ ፈጣን መስሎ ይታያል፤ መልሱን ከዜሮ ፈቀቅ ሲያደርጉበት ግን ብልጫው ይደበዝዛል። እንዲህ ያለውን ድል ማሻሻያ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

እኛ ጋ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አልጎሪዝሙ የቱቦላሬውን (ትረሱ የሚሠራበትን ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) የግድግዳ ውፍረት 2.37 ሚሊ ሜትር አድርጎ ቢመልስ፣ ነጋዴው የሚሸጠው በታወቁ ውፍረቶች ብቻ ስለሆነ ቁጥሩን ወደ ታች ማጠጋጋት ጥንካሬውን ያጓድላል፣ ወደ ላይ ማጠጋጋት ደግሞ በስንት ድካም የተገኘውን የክብደት ቅናሽ ይበላዋል። በዚያ ላይ ቱቦላሬ የሚሸጠው በ6 ሜትር ቁመት ነው። አልጎሪዝሙ ክብደት ስለቀነሰ ብቻ የ3.2 ሜትር ዘንግ ቢመርጥ፣ ከአንዱ ብረት አንድ ዘንግ ብቻ ወጥቶ 2.8 ሜትር ቁርጥራጭ ይቀራል፤ 2.95 ሜትር ቢሆን ኖሮ ሁለት ዘንግ በወጣው ነበር። በወረቀት ላይ የቀለለው ጣሪያ በአሠሪው ኪስ ላይ የከበደ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ የሚቀነሰው ግብ የዘንጎቹ ድምር ክብደት ሳይሆን የሚገዛው ብረት ብዛትና የብየዳው ሥራ ቢሆን፣ ፍለጋውም ከመጀመሪያው በገበያው ዝርዝር ውስጥ ብቻ ቢካሄድ፣ ከየትኛውም አዲስ አውሬ የበለጠ ጥቅም ይሰጣል።

የጥንካሬ ገደብን የሚጥሱ ንድፎች አያያዝም ትኩረት ይሻል። ተመራማሪው ካልያንሞይ ዴብ በ2000 ያቀረበው ደንብ፣ ገደብ ያከበረ ንድፍ ከጣሰው ምንጊዜም እንዲቀድም፣ ገደብ ከጣሱ ሁለት ንድፎች ደግሞ ትንሽ የጣሰው እንዲመረጥ ያዛል። ገደብ በጣሰ ንድፍ ላይ በግምት የሚጫን የቅጣት ቁጥር ስለማይጠይቅ ለሥራ ቤት ሰው ምቹ ነው።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን እንዲህ ያለ ጥናት የሚያማክሩ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ሁለት ነገር እንዲጠይቁ አሳስባለሁ። አንደኛው፣ አዲሱ ዘዴ በደንብ ከተስተካከለ ነባር ዘዴ ጋር፣ በእኩል የስሌት ብዛትና በተደጋጋሚ ሙከራ ተወዳድሮ፣ ምርጡ ውጤት ብቻ ሳይሆን አማካዩና መዋዠቁም እንዲቀርብ ነው። ሁለተኛው፣ የተጠቀሙበት የብረት ዝርዝር ከጥናቱ ጋር አብሮ እንዲወጣ ነው፤ ያ ዝርዝር በእጃችን ካለ እኛም ውጤቱን በራሳችን ጣሪያ ላይ ልንፈትሸው እንችላለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመዋቅር መሐንዲስ፣ ከአቃቂ ቃሊቲ