ሳጥኔን መልሱልኝ፦ የአየር ፊልትሮ ለሸጠልኝ መደብር የተጻፈ የቅሬታ ደብዳቤ

ቀን፦ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለመደብሩ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ስለገዛሁት የአየር ፊልትሮና ቱቦ

ጤና ይስጥልኝ።

በሜትር ታክሲ የምሠራ ሰው ነኝ። መኪናዬ የ2004 ሞዴል ኮሮላ ናት፣ ባለ 1.6 ሞተር። ሶማሌ ተራ ካለው ሱቃችሁ ክፍት የአየር ፊልትሮ ከነአሉሚኒየም ቱቦው በ9,500 ብር ገዝቻለሁ። «ገጥመህ ስትጨርስ የድሮውን ሳጥን አምጣልን» ስላላችሁኝ፣ ፋብሪካው የወረቀት ፊልትሮውን ያስቀመጠበትን ሳጥን በሳምንቱ ይዤ መጣሁ። ተቀብላችሁ 800 ብር መለሳችሁልኝ። ደረሰኙ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ሳጥኑን በኋላ እመለስበታለሁ።

ቅሬታዬን በቃል ለማቅረብ የካቲት 1 ቀን መጥቼ ነበር። ሻጩ ልጅ «ራስህ ነህ የገጠምከው፣ እኛ ምን እናድርግህ?» ብሎ ሸኘኝ። ያን ቀን ደሜ ፈልቶ ስለነበር ብናገር የማይሆን ነገር ይወጣኛል ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ቀዝቅዣለሁ።

ነገሩ የጀመረው ቴሌግራም ላይ በለቀቃችሁት ማስታወቂያ ነው። «15 የፈረስ ጉልበት ይጨምራል፣ ቤንዚን 20 በመቶ ይቆጥባል፣ ቤትዎ ሆነው በ20 ደቂቃ ይገጥሙታል» ይላል። እኔን የያዘኝ መሃለኛው ነው። በቀን 150 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 20 በመቶ ሲባል ጆሮው ይቆማል። ሱቅ ስመጣ ደግሞ ሻጩ ጨመረበት። «አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ፋብሪካው የሠራው ሳጥን ለዚህ አገር አይሆንም፤ ሞተርህ ታፍኗል» አለኝ።

ግማሹ እውነት ነው። የተሸወድኩትም በዚያው በእውነቱ በኩል ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ግድም ያንሳል። ተርቦ የሚባል መሣሪያ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። የኔ መኪና መጽሐፏ ላይ 110 የፈረስ ጉልበት ቢጻፍላትም እንጦጦ ዳገት ላይ 110ሩን አይቼው አላውቅም። ግን ፊልትሮ ስሱን አየር እንዴት ያወፍረዋል? አየር ጨምቆ የሚያስገባ ተርቦ ነው። ፊልትሮ ያጣራል፣ በቃ። ይህን ያኔ ብጠይቅ ኖሮ ደብዳቤው ባላስፈለገ።

በማግስቱ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ግቢዬ ውስጥ ኮፈኑን ከፍቼ ሥራ ጀመርኩ። አንድ ካቻቢቴና አንድ 10 ቁልፍ በቂ ነበር። ልጄ የስልኩን መብራት ያበራልኛል። በእቃው ውስጥ የነበረችውን ወረቀታችሁን መስመር በመስመር ተከተልኩ። ሳጥኑ ክዳን ላይ ያለውን የአየር መለኪያ ሴንሰር ሁለቱን ብሎን ፈትቼ አወጣሁት፣ አዲሱ ቱቦ ላይ ባዘጋጃችሁት ቀዳዳ ገጠምኩት፣ ቱቦውን አጠበቅሁ፣ ፊልትሮውን ጫፉ ላይ አሰርኩ። 20 ደቂቃ የተባለው 1 ሰዓት ከሩብ ፈጀ። አንድ ብሎን ወድቆብኝ ከሞተሩ ሥር ስፈልግ የነበረውን ጨምሮ ማለቴ ነው።

ያወጣሁት የወረቀት ፊልትሮ ከአፈር አይለይም ነበር። ስመታው አቧራው ልጄን አስነጠሰው። ይህን የምጽፈው የራሴንም ጥፋት ላለመደበቅ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ዳገት ላይ መኪናዋ ትንሽ ቀለል ብላኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ልዩነት የመጣው ከእናንተ ዕቃ ሳይሆን የታፈነውን ወረቀት ከማውጣቴ ይመስለኛል። አዲስ የወረቀት ፊልትሮ 900 ብር ነው።

ድምፁ ግን ተለውጦ ነበር። ቤንዚን ስረግጥ ከኮፈኑ ሥር «ሁፍ» የሚል ነገር ይሰማል። ደስ ይል ነበር፤ አልዋሽም። ሰው ድምፅ ሲሰማ የፈጠነ ይመስለዋል። ጎረቤቴ ግን «መኪናህን ጉንፋን ያዛት እንዴ?» አለኝ። እሱም የኔው ዓይነት ኮሮላ አለው።

ቤንዚን ስሞላ ኪሎ ሜትሩን ደብተር ላይ የመጻፍ ልማድ አለኝ። ፊልትሮውን ከመግጠሜ በፊት በነበሩት አራት ሙሌቶች አማካዩ በሊትር 12.1 ኪሎ ሜትር ነበር። ከገጠምኩ በኋላ 11.9 ሆነ። ያው ነው በሉት። የተባለው 20 በመቶ ቢኖር ኖሮ ከ14 ማለፍ ነበረበት። የደብተሩን ገጾች ፎቶ ኮፒ አያይዣለሁ።

ለምን እንዳልቆጠበ መካኒኬ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዳኝ። የመኪናው ኮምፒውተር የሚገባውን አየር እየለካ ቤንዚን የሚሰጠው በልክ ነው፤ በግምት ለ14.7 ግራም አየር 1 ግራም ቤንዚን። ስለዚህ አየር ከጨመረ ቤንዚንም ይጨምራል። ማስታወቂያችሁ በአንድ እስትንፋስ «ብዙ አየር፣ ትንሽ ቤንዚን» ሲል ራሱን በራሱ ያፈርሳል። ደግሞም የቤንዚን ሞተር ከተማ ውስጥ ሲሄድ የአየሩን በር የሚዘጋው ፊልትሮው አይደለም፤ በእግራችን የምንከፍታት የትሮትል ክዳን ናት። ቦሌ መንገድ ላይ በ40 ሲነዳ በጣም ጥቂት ነው የምትከፈተው። በሩ ገርበብ ብሎ ሳለ የግቢውን አጥር ማፍረስ ምን ይሠራል?

እስከዚህ ድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብሬን ለሞኝነቴ ከፈልኩ ብዬ እተወው ነበር።

ጥር 26 ቀን ሰኞ መገናኛ ትራፊክ ላይ ቆሜያለሁ። ሐኪም ቤት የምትሄድ ነፍሰ ጡር ከኋላ ተቀምጣለች፣ እናቷ አብራት አለች። ሚኒሞው፣ ማለትም መኪናዋ ቆማ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲንቀጠቀጥ ነበር። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ቤንዚን ረገጥኩ፤ ሞተሩ ቀጥ። ከኋላ ጥሩምባ በጥሩምባ ሆነ። አስነሣኋት፣ አሥር ሜትር ሄዳ ደግማ ጠፋች። የቼክ ኢንጂን መብራት በራ። እናትየዋ «ልጄ፣ እንውረድ እንዴ?» አሉኝ፣ ደንብ አክብረው፣ ሳይቆጡ። ሌላ መኪና ጠርቼላቸው ሸኘኋቸው። ሒሳብ አልተቀበልኩም።

ጋራዥ ኮምፒውተር ሲደረግ የወጣው ኮድ ፒ0171 ነው፤ አየር በዝቶ ቤንዚን አንሷል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ጉድለቱን ለመሙላት ከ30 በመቶ በላይ ቤንዚን እየጨመረ ነበር፤ ከዚያ በላይ አልችልም ሲል መብራቱን አበራ። መካኒኩ ሴንሰሩን አውጥቶ አሳየኝ። ውስጧ ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ አለች። በኤሌክትሪክ ትሞቃለች፣ የሚያልፈው አየር ያቀዘቅዛታል፣ በቅዝቃዜዋ ልክ አየሩ ይለካል። የኔዋ ቡናማ ቅባት ለብሳ፣ ቅባቱ ላይ አቧራ ተለጥፎ ነበር። የእናንተ ፊልትሮ በዘይት የተነከረ ጥጥ ነው፤ ዘይቱ ነው ተነቅሎ ሴንሰሩ ላይ ያረፈው። የቱቦውን ውስጥ ከፊልትሮው ወዲህ በነጭ ሶፍት ስንጠርገው ሶፍቱ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ያ አቧራ ወደ ሞተሩ የሚሄድ ነው። ጎሮ አካባቢ በበጋ ያለውን አቧራ ለናንተ አልነግራችሁም። ሴንሰሩ በማጽጃ ቢረጭም አልተመለሰም። 7,800 ብር ከፍዬ ለወጥኩ፤ የእጅ ዋጋ 1,200። አሮጌው በፕላስቲክ ታሽጎ እኔ ጋ አለ።

«ራስህ ነህ የገጠምከው» ለተባልኩት መልሴ የሚከተለው ነው። መካኒኩ በካሊፐር ለካ። ሴንሰሩ የሚቀመጥበት የፋብሪካው ቱቦ የውስጥ ስፋቱ 60 ሚሊ ሜትር ነው። የእናንተ 65። አምስት ሚሊ ሜትር ትንሽ ይመስላል። አየሩ የሚያልፍበት የቀዳዳው ገጽ ሲሰላ ግን 17 በመቶ ይበልጣል። ያው አየር በሰፊ ቱቦ ሲያልፍ ቀስ ይላል፣ ሴንሰሩም ያነሰ አየር እንዳለፈ ይቆጥረዋል። እኔ ብሎኑን በወርቅ ቁልፍ ባጠብቀውም ይህ አይስተካከልም። ቀዳዳውን የበሳችሁት እናንተ ናችሁ፣ «ለኮሮላ» ብላችሁ የጻፋችሁበትም እናንተ።

ሙቀቱም አለ። ክፍት ፊልትሮ ኮፈን ሥር ተቀምጦ የሚስበው ከሞተሩና ከራዲያተሩ የወጣውን ትኩስ አየር ነው። የፋብሪካው ሳጥን ግን አፉን ወደ ፊት አውጥቶ ከውጭ ይስባል። በእኩለ ቀን መገናኛ ላይ የመኪናውን ኮምፒውተር በሚያነብ መሣሪያ (ኦቢዲ) ስለካ የሚገባው አየር 58 ዲግሪ ነበር። በማግስቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፣ የፋብሪካው ሳጥን ያለባትን የጎረቤቴን ኮሮላ ለካሁ፦ 37። አየር ሲሞቅ ይሳሳል። የ21 ዲግሪ ልዩነት ወደ 6 በመቶ የሚሆን አየር ያሳጣል። አየር እንዲጨምርልኝ ከፍዬ አየር ቀነሳችሁብኝ።

የአየር መግቢያ መለወጥ ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ከሙቀቱ በደንብ ተከልሎ፣ ስፋቱ ተጠብቆ፣ ኮምፒውተሩም ተስተካክሎ ለውድድር መኪና የሚሠራለት ሰው ጥቅም ያገኝ ይሆናል። እኔ ተሳፋሪ ነው የማመላልሰው።

ወደ ሳጥኑ ልመለስ። መካኒኩ «የፋብሪካውን መልስ፣ ሌላ መድኃኒት የለውም» ሲለኝ ነው የካቲት 1 ቀን ወደናንተ የመጣሁት። ሳጥኔ መደርደሪያችሁ ላይ ተቀምጦ አየሁት። የኔ መሆኑን የማውቀው ከክዳኑ መያዣዎች አንዱ ተሰብሮብኝ በመዳብ ሽቦ አስሬው ስለነበር ነው፤ ሽቦው አሁንም አለ። ዋጋው 3,500 ብር ነው ተባልኩ። በ800 የተቀበላችሁኝ ዕቃ፣ «ለዚህ አገር አይሆንም» ያላችሁት ዕቃ! ለማን ልትሸጡት ነው? አገሩ ያው አዲስ አበባ ነው።

አሁን መኪናዋ የምትሄደው መካኒኩ ባዋሰኝ አሮጌ ሳጥንና በ900 ብሩ የወረቀት ፊልትሮ ነው። ኮምፒውተሩ የሚጨምረው ቤንዚን ወደ 2 በመቶ ወርዷል። መብራቱ ጠፍቷል። ሳጥኑን ግን ባለቤቱ ይፈልገዋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። የፊልትሮውንና የቱቦውን 9,500 ብር መልሱልኝ፤ ዕቃው ሳይጎድል አመጣዋለሁ። ለሴንሰሩና ለእጅ የከፈልኩትን 9,000 ብር ክፈሉ። ሳጥኔን ስጡኝ፣ እኔም 800 ብራችሁን እመልሳለሁ። አራት ቀን ሥራ የፈታሁበትን አልጠይቅም፤ ማስታወቂያ አምኜ ሳልጠይቅ የገዛሁት እኔ ነኝ፣ እሱ የኔ ድርሻ ይሁን። ማስታወቂያውን ግን አንሡት፣ ወይም በምን መኪና ላይ፣ የት ተለክቶ 15 የፈረስ ጉልበት እንደተገኘ ጻፉበት። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ላይ ተጽፏል። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ይህንኑ ደብዳቤ ከነማስረጃው ለንግድ ቢሮ አስገባለሁ። ባላስገባ ግን ደስ ይለኛል፤ እዚያ ለመመላለስ የሚጠፋው ቀንም ሥራ የምፈታበት ነው።

ሻጩን ልጅ እንዳትቆጡት። የተነገረውን ነው የተናገረው፣ ሻይም ጋብዞኛል።

እስከዚያው ሳጥኑን ለሌላ ሰው አትሽጡብኝ። ሽቦውንም አትፍቱት፤ ያለሱ ክዳኑ አይገጥምም።

ከሰላምታ ጋር
የኮሮላው ባለቤት፣ ጎሮ

አባሪ፦ ደረሰኝ፣ የነዳጅ ደብተር ቅጂ፣ የጋራዥ ደረሰኝ፣ የአሮጌው ሴንሰር ፎቶ