የእጅ ሥራ ክበብ፦ በ30 ጀምሬ 37 ላይ ስገኝ

መስከረም ላይ የክበብ ኃላፊ መምህራን ሲመደቡ እጄን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። «ሹራብ እኮ እችላለሁ» አልኩ። ልጅ ሆኜ እናቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ አንድ ሻርፕ ጨርሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ምናምን ዓመት መርፌ እንዳልነካሁ ግን ለስብሰባው አልተናገርኩም።

ዕቅዳችን አንድ ብርድ ልብስ ነበር፤ ለሴት ተማሪዎች ማረፊያ ክፍል። ክፍሏ አልጋም ፍራሽም አላት፣ የሚደረብ ነገር ግን የላትም። የጅማን ዝናብ ለእናንተ አልነግርም። ሆዷን ቆርጧት እዚያ የምትተኛ ልጅ የዩኒፎርም ሹራቧን አውልቃ እግሯ ላይ ጣል ታደርጋለች፣ ከዚያ ደግሞ ትከሻዋን ይበርዳታል።

የመጀመሪያው ቀን 31 ልጅ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት 14 ቀረን። ሚኒ ሚዲያ ክበብ ማይክ አለው፣ እኛ ያለን ክር ነው፤ ምን ይደረግ።

እውነቱን ለመናገር ክሩም አልነበረንም። 20 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ቁራጭ ወደ 25 ግራም ክር ይበላል። አልጋውን ለመሸፈን 6 በ9፣ ማለትም 54 ቁራጭ ያስፈልጋል፤ ስታባዙት ከ1 ኪሎ ከ300 በላይ ነው። አዲስ ክር በዚህ ልክ መግዛት አይታሰብም። ስለዚህ መርካቶ ሰልባጅ ተራ ወረድን (የኛውን መርካቶ ነው የምለው)፣ አሮጌ ሹራብ ገዝተን ልንተረትር። እኔ ዓይኔ አንድ ቀይ ሹራብ ላይ አረፈ፤ ከፈልኩ፣ ይዤ መጣሁ፣ መተርተር ስንጀምር የሚወጣው ከቁመቴ የማይረዝም ቁርጥራጭ ብቻ ሆነ። ከሁለቱ ወንድ አባሎቻችን አንዱ አባቱ ልብስ ሰፊ ናቸው። «ቲቸር፣ ከመግዛትዎ በፊት ውስጡን ገልብጠው ይዩት» አለኝ። ጎኑ በኦቨርሎክ ማሽን ተቆርጦ የተሰፋ ከሆነ እያንዳንዱ ረድፍ ለየብቻ ተቆርጧል ማለት ነው። ጠርዙ ሳይቆረጥ የተያያዘው ግን ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ታች በአንድ ክር ይፈታል። ከዚያ በኋላ ግዢ እሱ ነው የሚሄደው።

የተተረተረ ክር እንደ ኢንዶሚ የተጠማዘዘ ነው። አጠብነው፣ ገመድ ላይ ሰቀልነው፣ እንዲቃና ብለን ከታች ውኃ የተሞላ ሃይላንድ አንጠለጠልንበት። ሲደርቅ በልቃቂት ጠቀለልነው።

መርፌ ደግሞ ከተሰበረ ጃንጥላ ለመሥራት ሞከርን። በዚህ ከተማ የተሰበረ ጃንጥላ አይጠፋም። ግን የዘንድሮ ጃንጥላ ሽቦው ቦይ አለው፣ ክሩን ይይዛል። መጨረሻ ላይ ቀርከሃ ጠርበን፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን፣ ሻማ ቀባነው። ተንሸራተተ!

አሁን ወደ ውርደቴ ልምጣ። በ30 ዓይን ጀመርኩ (መርፌው ላይ የሚደረደረውን ቀለበት ነው ዓይን የምንለው)። ከሳምንት በኋላ ብቆጥር 33። ቀጥሎ 35። ኅዳር ሲያልቅ 37። ከታች ጠባብ፣ ከላይ ሰፊ፣ የተገለበጠ የጎጆ ክዳን የመሰለ ነገር ይዤ ቁጭ አልኩ። ለልጆቹ «ክሩ ነው የተለጠጠው» አልኳቸው። ክር ተለጥጦ ሰባት ዓይን ሲወልድ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ።

መርፌ ይዛ የማታውቅ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ስታይ ቆየች። «ሱታ (ቀስ ይበሉ)፣ ቲቸር» አለችኝ። «ረድፍ ሲጀምሩ ክሩን ለምንድነው ወደ ላይ የሚስቡት? ይኸው እዚህ ጋ አንዱ ሁለት ሆነ።» ልክ ነበረች። ክሩ በመርፌው ላይ አልፎ ወደ ኋላ ሲሳብ የመጀመሪያው ዓይን ሁለቱም እግሩ ወደ ላይ ይወጣና ሁለት ዓይን ይመስላል። እኔም ሁለት ነው ብዬ ሁለቱንም እሠራዋለሁ። እሷ ጀማሪ ስለሆነች እያንዳንዷን ዓይን ታያለች፤ እኔ እጄን አምኜ ስለ በዓል ዶሮ ዋጋ አወራ ነበር።

የልጆቹም ቁራጭ ቢሆን ችግር ነበረበት። ሁሉም በ30 ጀምረው የአንዷ 17 ሳንቲ ሜትር ሰፋ፣ የሌላው 24። ክር አጥብቆ የሚይዝ አለ፣ አልልቶ የሚይዝ አለ፤ ይሄን በምክር ማስተካከል አይቻልም፣ ሞክሬዋለሁ። እንዲህ ያሉ ቁራጮች አንድ ላይ ይሰፉ ቢባል ብርድ ልብስ ሳይሆን ካርታ ነው የሚወጣው።

ያዳኑን የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ናቸው። እትዬ በሦስት እግር በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ቁራጮቹን አገላብጠው አዩና «ለምን ትቆጥሪያለሽ? ለኪው እንጂ» አሉኝ። ከጥግ ነው የሚጀመረው አሉ። በሦስት ዓይን ትጀምሪያለሽ፣ በየረድፉ መጀመሪያ አንድ አንድ ትጨምሪያለሽ፣ ጎኑ በማስመሪያ 20 ሳንቲ ሜትር ሲሞላ ደግሞ ከዚያ ጀምሮ በየረድፉ አንድ አንድ ትቀንሻለሽ፣ ሦስት ሲቀር መዝጋት ነው። አጥባቂው ብዙ ረድፍ ይሠራል፣ አልልቶ የሚይዘው ትንሽ ይበቃዋል፣ የሁለቱም ቁራጭ ግን እኩል ይወጣል።

አስቡት፣ ሦስት ወር ሙሉ ስሳሳተው የነበረው ነገር ነው። በየጊዜው አንድ መጨመር። ልዩነቱ እትዬ የት ላይ እንደሚያቆሙ ያውቃሉ።

ከጥር እረፍት በኋላ ሥራው ሮጠ። ሚያዝያ ላይ 41 ደረስን፣ ግንቦት ላይ 54 ሞላ። የኔ 4 ነው። የልብስ ሰፊው ልጅ ብቻውን 9 ሠራ። አባቱ «በማሽን ልግጠምላችሁ» ብለው ነበር፤ ሁለቱን ሲሞክሩት ግን ሹራቡ ከማሽኑ እግር ሥር ተለጥጦ ጠርዙ ሞገድ ሠራ። ስለዚህ በጆንያ መስፊያ መርፌ፣ በእጃችን፣ ሦስት ሳምንት። ስናጥበው ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ሰቅለነው ቢሆን በራሱ ክብደት ይለጠጥ ስለነበር አራት ዴስክ ገጥመን ዘረጋነው፤ ለመድረቅ አራት ቀን ፈጀ። ዘጠነኛ ሲዎች ይቅርታ፣ ዴስካችሁን የወሰድነው እኛ ነን።

ብርድ ልብሱ አሁን ማረፊያ ክፍሏ ውስጥ አለ፣ ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ቀዩ መስመር ከዚያ ከቁርጥራጩ ሹራብ ነው፤ ልጆቹ አንድ በአንድ ቋጥረው ሠርተውታል፣ ቋጠሮዎቹ ከጀርባው ይታያሉ።

37 ዓይን የሆነችውን ቁራጭ ልጥላት ስል ልጆቹ ነጠቁኝ። አጣጥፈው ሰፏትና የክበቡ ክፍል የሰሌዳ ዳስተር አደረጓት። ከተገዛው ዳስተር በተሻለ ታጠፋለች።