ነጩ ጉሬዛ

እህት ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል?

ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ «እንደምን ከረምሽ» ስልሽ እጄ ያፍራል። ለእናትሽ ለቅሶ ቀረሁ። መጀመሪያ መንገዱን ሰበብ አደረግሁ፤ ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ በየትኛው አፌ ልደውል እያልኩ ይኸው ከረምኩ። ነፍሳቸውን ይማር። ማመካኛ አልደረድርልሽም።

አሁንም ጅማ ነኝ፣ ኬጂ አስተምራለሁ። የግንቦትን ዝናብ ታውቂዋለሽ፤ ግቢው ጭቃ፣ ሠላሳ ሕፃን አንድ ክፍል ውስጥ። ያኔ ነው የወረቀት እንስሳ መሥራት የጀመርነው። ዕቃችን ያለቀ ደብተር ሽፋን፣ የሶፍት ካርቶንና የእንቁላል መያዣ ነው። ሙጫውን ከፉርኖ ዱቄት አጥሚት አስመስዬ አፈላዋለሁ። ታዲያ አንድ ሰኞ ስንገባ የአንበሳው ጎፈር የለም፣ የላሟም ጆሮ የለም። አይጥ ሙጫውን ሲል ወረቀቱንም ጨምሮ ቀርጥፎታል። አንዷ «አይጥ አንበሳ በላ!» እያለች ሳምንቱን ሙሉ ለመጣው ሁሉ ስትናገር ሰነበተች። ከዚያ ወዲህ በሲባጎ ከጣሪያው ላይ እናንጠለጥላቸዋለን።

መቀስ ሲይዙ ብታዪያቸው! ክብ ለመቁረጥ እጃቸውን እስከ ክርን ያጣምማሉ፣ ምላሳቸው ወጥቶ። «መቀሱ ቀጥ ብሎ ይሂድ፣ ወረቀቱን አዙሩት» ማለት ብቻ ነው የሚፈልገው። እኔ ይህን ለማወቅ ስንት ዝሆን ጆሮውን ቆርጬ አበላሸሁ መሰለሽ።

ዋናው ነገሬ ግን ጉሬዛው ነው። ካርቶኑን በከሰል አጥቁረን፣ ለጀርባው ጸጉርና ለጅራቱ ጫፍ ጥጥ እየለጠፍን ነበር። አንድ ዝምተኛ ልጅ ሙሉ ነጭ አድርጎ አመጣልኝ።

«ከሰሉን ረሳኸው» አልኩት።

«ልጅ ነው» አለኝ።

«ልጅም ቢሆን ጉሬዛ ጥቁር ነው» ብዬ እኔው ራሴ ቀባሁለት። ምንም አላለኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ቦንጋ ስሄድ፣ ሸቤን አልፈን ጫካው ውስጥ ጎማ ፈነዳ። ወርደን ስንጠብቅ ከዛፉ ላይ አንዲት ጉሬዛ ተቀምጣለች፤ ደረቷ ላይ እንደ ባዘቶ የነጣ ግልገል ተለጥፏል። ረዳቱ «ሲወለዱ እንዲህ ናቸው፤ ሦስት አራት ወር ሲሆናቸው ነው የሚጠቁሩት» አለ። ለካ የልጁ አያት ቤት እዚያው ሸቤ ነው።

ሰኞ ጠዋት ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅሁት። የተንጠለጠለውን ጉሬዛውን ቀና ብሎ አየና «አሁንማ አደገ» አለኝ።

የዚያን ዕለት ማታ ነው ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት።

ከፖስታው ውስጥ ያለው የእኔ ሥራ ነው፤ ጥጡ እንዳይነቀል ቀስ ብለሽ አውጪው። ለመስቀል እመጣለሁ፤ አብረን መቃብራቸው ድረስ ሄደን እርሜን ላውጣ። ቡናውን ከዚህ ይዤ እመጣለሁ፣ አንቺ ጀበናውን ብቻ አዘጋጂ።