አዲሷን ድመት ወደ ሐኪም ከመውሰዳችሁ በፊት

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን ድመት ወስዳችሁ ማሳደግ የጀመራችሁ ስለበዛችሁ፣ ስለ መጀመሪያው ምርመራ ጥቂት ልበል።

ትልቁ ጣጣ መንገዱ ነው። ድመት በነጠላ ጠቅልሎ ባጃጅ ላይ መውጣት አይሆንም፤ ፒያሳ ላይ አንድ ጥሩምባ ከተነፋ ዘላ ታመልጣለች፣ ቤቱን ገና ስላልለመደችም መመለሻው አይታወቃት። ክዳን ያለው ቅርጫት ወይም አየር ማስገቢያ የተበሳለት ጠንካራ ካርቶን ይበቃል። ግን በዚያው ዕለት ጠዋት ሳይሆን ቀናት ቀደም ብላችሁ አውጡት። የምትተኛበትን ጨርቅ አንጥፉበት፣ ክፍቱን ተዉት፣ ቁራጭ ሥጋ ጣል አድርጉበት፤ ራሷ ገብታ መተኛት ስትጀምር ክዳኑን ለትንሽ ጊዜ ዝጉ። መዳፏን ስትነኩ፣ ጆሮዋን ገለጥ አድርጋችሁ ስታዩ እንዳትደነግጥም አለማምዷት፤ ሐኪሙ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ትኩስ ዓይነ ምድሯን በንጹሕ ዕቃ ያዙ፣ ለሆድ ትል ምርመራ ይጠቅማል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብዙውን ጊዜ ከ3 ወር ጀምሮ ስለሚሰጥ ዕድሜዋን በግምትም ቢሆን ተናገሩ። ቁንጫ በዛባት ብላችሁ ለበግ የሚረጨውን መድኃኒት እንዳትረጩባት! ፓራሲታሞልም ድመትን ይገድላል።

ከነከሰቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ወደ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ክሊኒክ የምትሄዱ፣ ውሻውም አህያውም እዚያው ስለሚመጣ ቅርጫቱን በጨርቅ ሸፍኑት። ቅርጫት የሌላችሁ ንገሩን፣ ከአባላት ፈልገን እናውሳችኋለን።